የሐሙስ ትኩሳት

በዚያ ሰሞን መምህርት ቶዋን እንቅልፍ የነሷት ሁለት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ «ፒክ» እና «አፕ»። ለየብቻቸው ሲሆኑ ማንንም አይነኩም። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን እንግሊዝኛ የሚባለው ቋንቋ ያሻውን ሁሉ ያሸክማቸዋል። የወደቀ ነገር ከመሬት ማንሳት ፒክ አፕ ነው። ሰውን ካለበት ሄዶ ማምጣትም ፒክ አፕ ነው። ማንም ሳያስተምር ቋንቋ ከሰው አፍ መልቀም፣ በሽታ ከሰው መያዝ፣ ስልክ ማንሳት፣ ሁሉም ፒክ አፕ። እነዚህን አምስት ትርጉሞች በአርባ አምስት ደቂቃ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ማስተማር ነበረባት። ማስተማሩስ ባልከፋ፤ አራት ዳኞች ከኋላ ተቀምጠው እያንዳንዷን ነገር ሊጽፉባት ነው እንጂ።

ጉዳዩ የምርጥ መምህራን ውድድር ነው። ቶዋ ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በመጀመሪያው ሳትጨርስ ተደወለባት። በሁለተኛው የሆነው ግን የባሰ ነው። ጠየቀች፤ የመለሰ የለም። ደግማ ጠየቀች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየ። ያ ዝምታ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሯት ኖሯል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስትቀዳ እንኳ ሰው ሁሉ እሱን የሚያስብ ይመስላት ነበር። ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀን መምህር ደግሞ ርዕሰ መምህሩ አራተኛ አይመዘግብም፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሯታል።

ስለዚህ ለአጋጣሚ የተተወ ነገር አልነበረም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያንኑ ትምህርት ሦስት ጊዜ ተለማመዱት። ልምምዱን የምትመራው የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊዋ ሉየን ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረች፣ ድምጿ ከሜኮንግ ወንዝ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሴት።

«ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ!» አለች ሉየን ጠረጴዛውን በማስመሪያ እየመታች። «የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። ጠረጴዛ ላይ የተኛ እጅ እንዳላይ!»

ልጆቹ ምንም አልገረማቸውም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያደርጉት ነው። ዳኛው ከኋላ ሆኖ ሲያይ ክፍሉ በሙሉ እጅ ነው፤ መምህሯ የምትጠራው ግን ቀኙን ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ዳኛ ያለ እንዳይመስላችሁ። ዳኞቹም ትናንት መምህራን ነበሩ፤ እነሱም ግራና ቀኝ እጅ አስወጥተው ነው ዳኛ የሆኑት።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ባለቤት ተመድቦለታል። ሰውን ሄዶ የማምጣቱ ትርጉም የቻም ነው፤ ቻም የክፍሉ ጎበዝ ናት። ሌላው ቀርቶ ስህተቱም ባለቤት ነበረው። ሎይ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ልክ በአስራ ሁለተኛው ደቂቃ ተነስቶ፣ «ቲቸር፣ ፒክ አፕ መኪናዋ አይደለችም እንዴ? ከኋላዋ ክፍት የሆነችው?» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ ቶዋም ፈገግ ብላ በትዕግሥት ታርመዋለች። ሉየን እንደምትለው ስህተት የሌለበት ትምህርት ያጠራጥራል።

ችግሩ ሜን ነበረች። ሜን ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ከእኩዮቿ በአንድ ራስ የምታንስ ልጅ ናት። እናቷ በጀልባ መሻገሪያው የሸንኮራ ጭማቂ ትሸጣለች፤ ሜንም ከትምህርት መልስ እዚያው ናት። ወደ ደሴቶቹ የፍራፍሬ እርሻ ከሚሻገሩ ፈረንጆች አፍ አንድ አንድ ቃል ትለቅማለች። የለቀመችውን ግን በቶሎ ማውጣት አትችልም። በገዛ ቋንቋዋ በቬትናምኛ ስትጠየቅ እንኳ ጊዜዋን ትወስዳለች፤ በእንግሊዝኛማ ሲሆን አሳንሰር የምትጠብቅ ይመስል ወደ ጣሪያው አንጋጣ ትቆማለች። ያም ሆኖ ሁልጊዜ የምታወጣው ቀኝ እጇን ነው። ሁልጊዜ! ግራ እጅ ያላት አይመስልም።

ረቡዕ ዕለት ቶዋ፣ «ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ያለው ማነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ጥያቄው የቻም ነበር። የቶዋ ጣት ግን በልማድ ወደዚያች ከሁሉም ከፍ ብላ ወደምትንቀጠቀጥ ቀኝ እጅ ሄደ።

ሜን ተነሳች። ወደ ጣሪያው አየች። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ቶዋ ጀርባዋን ላብ አጠመቃት፤ ያ የድሮው ዝምታ በሩን ከፍቶ የገባ መሰላት።

«እኔን... ማንም አይወስደኝም» አለች ሜን በመጨረሻ፣ ግማሹን ቃል አጣምማ ግማሹን ውጣ። «እኔ ነኝ እናቴን የምወስዳት። ከጀልባው።»

እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚያ ሳምንት በዚያ ክፍል ታስቦበት የተመለሰ ብቸኛው መልስ ይሄ ነው። ሉየን ግን ሰዓቷን ነበር የምታየው።

«አርባ አንድ ሴኮንድ!» አለች ልጆቹ ከወጡ በኋላ። «ይቺ ልጅ ነገ እዚህ አትገኝም።»

«እንዴት ሆኖ፣ እትዬ ሉየን? ስሟ መዝገብ ላይ አለ እኮ።»

«ልጅ አይታመምም? እኔ በተወዳደርኩ ጊዜ ስድስት ልጅ በአንድ ቀን ታሞብኛል። በማግስቱ ሁሉም እየፈነጩ መጡ!» ብላ ሳቀች።

«ለሌሎቹ ግራ እጅ አውጡ ብለናል፤ ለእሷም ብንነግራት...»

«ሦስት ቀን ነገርናት፤ ሰማችሽ? ቶዋ፣ እህቴ፣ ያለፈውን ጊዜ ረሳሽው እንዴ? ከረሳሽው እኔ ላስታውስሽ እችላለሁ።»

ቶዋ አልረሳችውም። ለዚህ ነው ልጅቷን ልትፈልግ የወጣችው።

ሜንን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አገኘቻት። ልጅቷ ሰንሰለቱ የወለቀ ብስክሌት ላይ አጎንብሳ ጣቷ በግራሶ ጠቁሯል።

«ሜን፣ ነገ ቤት ትውያለሽ» አለች ቶዋ። «ትኩሳት አለባት ብዬ እጽፍልሻለሁ።»

ሜን የገዛ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገች። «የለብኝም እኮ ቲቸር።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ለክፍላችን ብዬ ነው። ክፍላችን እንዲያሸንፍ።»

«እኔ ካልመጣሁ ያሸንፋል?»

ሌላ ልጅ ቢሆን በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነገር ነበረበት፤ ሜን ግን ለማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

«ያሸንፋል።»

«እሺ ቲቸር» አለች ሜን። ቅር እንኳ አላላትም። ጉዳይ እንደተላከ ሰው ራሷን ነቅንቃ ወደ ሰንሰለቷ ተመለሰች። ቶዋ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ በማለቁ እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷ ደግሞ ወዲያው አሳፈራት። ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።

ሐሙስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንደ ዘይት ፈሰሰ። ሠላሳ ሰባት እጅ ባንድ ጊዜ ወጣ። ቻም መለሰች። ሎይ መኪናዋን በደቂቃዋ ጠየቀ፤ ዳኞቹም ሳቁ። ልጆች እርሳስ ጥለው አነሱ፣ በባዶ እጃቸው ስልክ አነሱ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ከእሱ ጉንፋን ያዘው። አምስቱም ትርጉም ሰሌዳው ላይ በአምስት ቀለም ተጻፈ። ደወሉ የተደወለው ቶዋ ጠመኔዋን ስታስቀምጥ ነው። ዋናዋ ዳኛ መዝገቡን እያገላበጡ፣ «አንዷ ቀርታለች?» ሲሉ ቶዋ፣ «ትኩሳት ይዟት ነው» አለች፤ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም። ባይንቀጠቀጥ ይገርማል? ሦስት ጊዜ የተለማመደ አፍ ነው።

ዳኞቹ ቢሮ ገብተው ሻይ እየጠጡ ሳለ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። የገለባ ባርኔጣዋን ደረቷ ላይ ይዛለች፤ በሌላው እጇ የዳክዬ እንቁላል የሞላ ፌስታል አንጠልጥላለች። አንድ እግሯን ትጎትታለች። ቶዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለጋትም፤ ልጅቷ ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው። ሴትዮዋ ዓይኗን ቶዋ ላይ ተከለች፤ ቀጥሎም ክራቫት ያሰሩትን እንግዶች አየች፤ እንደገና ቶዋን አየች።

«ይቅርታ፣ እንግዳ ላይ ገባሁ» አለች። «መምህርት፣ የሜን እናት ነኝ። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።»

«እኔን?» አለች ቶዋ።

«እርስዎን እንጂ! እኔ ከጭማቂዬ ጋር ስታገል የልጄን ግንባር እንኳ አልዳሰስኩም። እርስዎ ግን ገና ሳይብስባት አይተው ‹ቤት ዋይ› አሏት። እንዲህ ያለ አስተማሪ ከየት ይገኛል?» ብላ ፌስታሉን በሁለት እጇ አቀረበች።

ዋናዋ ዳኛ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አያችሁ!» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «የእኛ ነጥብ ይሄን አይመዝንም እኮ!» ቢሉም ብዕራቸውን አውጥተው የሆነ ነገር ሲጽፉ ታዩ። ሉየን ግድግዳ ላይ ያለውን የትምህርት ፕሮግራም አዲስ ነገር ያገኘችበት ይመስል አተኩራ ታነባለች።

ቶዋ እንቁላሉን ተቀበለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን መሬት እንዲህ ላለው ጊዜ አትከፈትም፤ እሷም ፈገግ ብላ «ምንም አይደል» አለች። ምንም አይደል! ከሁሉም ይበልጥ እየቆየ ያቃጠላት ይህ ቃሏ ነው። ማታ አማቷ እንቁላሉን ጠብሳ ስታቀርብላት ሆዴን አሞኛል ብላ ተነሳች።

አርብ ከሰዓት ውጤቱ መጣ፤ አንደኛ። ርዕሰ መምህሩ እጇን ጨብጦ አልለቅም አለ። ቶዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ሰዓት ስታልማት ኖራለች፤ ደረሰችና እንደ ቀዘቀዘ ምግብ አልዋጥ አለቻት። አርብ የሜን ቦታ ባዶ ነበር። አንድ ቀን ጨምራ ይሆናል አለች ለራሷ። ቅዳሜም ትምህርት ነበር፤ ያኔም ባዶ ነው። መዝገቡ ላይ «ታማለች» ብላ ጻፈች፤ ምን ብላ ትጻፍ?

ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ መድረክ ላይ አውጥተው አበባ ሰጧት። ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰልፈው በትንንሽ የፕላስቲክ ዱካዎች ተቀምጠዋል። ጭብጨባው ቀለጠ። ከመድረኩ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል፤ የእሷ ክፍል ረድፍ ከኋላ አካባቢ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። ቶዋ ለምስጋና የተዘጋጀችውን ንግግር ግማሹን ዘልላ ወረደች። ሰው ሁሉ ትሑት ናት አላት።

«እትዬ ሉየን፣ ልጅቷ አልመጣችም» አለች ከመድረኩ እንደወረደች።

«ልጆች ናቸው፤ ይመጣሉ። አሁን ይሄን አበባ ውኃ ውስጥ ክተቺው።»

ሰው መላክ ትችል ነበር። ስልክ መደወልም ትችል ነበር። አልደፈረችም። ምን ተብሎ ይደወላል? ‹የሌለባት ትኩሳት ለቀቃት ወይ?› ማክሰኞ ቻም ለክፍል ጓደኞቿ፣ «ሜንን ጀልባው ጋ ሸንኮራ ስትልጥ አየኋት፤ ምንም አልሆነችም» ስትል ሰማቻት። ከዚያ በኋላ ቶዋ ላለመሄድ የሚሆን ምክንያት አለቀባት።

ከሰዓት በኋላ ወደ መሻገሪያው ወረደች። ጀልባው ገና ከወዲያ ማዶ ነው፤ የሚጠብቁት ሞተሮች ተደርድረዋል። «የሜን እናት የት ናት?» ስትል አንዱ ሎተሪ አዟሪ፣ «እትዬ አራተኛን ነው? ያቻትና ከመጭመቂያዋ ጋር» አላት። እዚያ ሰው በስሙ ሳይሆን ለወላጆቹ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ነው የሚጠራው።

እትዬ አራተኛ አየቻትና መጭመቂያውን አቆመች። ወንበር በጨርቅ ጠርጋ አቀረበች፤ አንድ ብርጭቆ በበረዶ ሞልታ ቀዳችላት። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው።

«አሸነፉ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እትዬ አራተኛ...» አለች ቶዋ። አንገቷ ድረስ ቀላች። «ሜን አላመማትም ነበር። እኔ ነኝ...»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ልጄ እኮ መዋሸት አትችልበትም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው የነገረችኝ። ሐሙስ ለታ እንቁላሉን ገበያ ይዤ ስወጣ እግሬ በራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞረ። ልሰድብዎት ነበር የመጣሁት፤ እውነቴን ነው። ቃሉንም መንገድ መንገዱን አዘጋጅቼ ነበር፤ የሚያስደስት ስድብ አልነበረም።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ከዚያ ፊትዎን አየሁት። አመድ መስለዋል። እነዚያ ክራቫታሞች ደግሞ እዚያ ተቀምጠዋል። ‹ይቺም ለካ ከበላይዋ ሰው አለባት› አልኩ በሆዴ። አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።»

ቶዋ ብርጭቆውን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሸቱ የእሷና የሉየን ብቻ ይመስላት ነበር። ለካ ልትሰድባት የመጣችው ሴት፣ በገበያ እንቁላሏ ከዳኞች ፊት ሸፍናታለች። እንዲህ ያለ ኀፍረት ደርሶባት አያውቅም። ብታለቅስ በወደደች፤ ግን እዚያ ለማልቀስ መብት ያላት አልመሰላትም።

«የምስክር ወረቀቱን እመልሳለሁ» አለች። «ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ወረቀቱ ለእኔ ምኔ ነው?» አለች እትዬ አራተኛ። «እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። እኔም አምስተኛ ክፍል ሆኜ ተቆጣጣሪ ይመጣል ብለው ‹ነገ እንዳትመጪ› አሉኝ። ሸርጣን ልይዝ ሄድኩ፤ ደስ ብሎኝ! በማግስቱ በሩ ድረስ ደረስኩ። ‹ዛሬስ ይቻል ይሆን?› ብዬ ማንን ልጠይቅ? ፈራሁ፤ ተመለስኩ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ነይ ያለኝ ሰው የለም። በቃ፣ ያው እንደሚያዩኝ ነኝ።»

«ታዲያ ሜንን ለምን ሂጂ አላሏትም?»

«አላልኳትም? በየቀኑ ነው የምላት! ‹ቲቸር ነይ አላለችኝም› ትላለች። ‹ሄጄ ክፍላችን ቢሸነፍስ?› ትለኛለች። ካልመጣሽ እናሸንፋለን ብለዋት የለ? እሷ ደግሞ የቲቸር ቃል ከእናቷ ቃል ይበልጥባታል። እባክዎ፣ መቼ መምጣት እንዳለባት አፍ አውጥተው ይንገሯት። ሌላ ምንም አልልም።»

ሜን ከወንዙ ዳር ብቅ አለች፤ ያጠበቻቸውን ብርጭቆዎች በባልዲ ይዛለች። መምህሯን ስታይ ከዳር እስከ ዳር ፈካች።

«ቲቸር! አሸነፍን አይደል? ቻም ነገረችኝ!»

አሸነፍን አለች። ቶዋ ይህን ስትሰማ መቀመጥ አልቻለችም፤ ተነሳች። በዚያ ከተማ ትልቅ ሰው ትንሽ ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ይልቁንም መምህር ተማሪዋን፣ ያየ ሰው የለም። ቶዋም አይታ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አላወቀችበትም።

«ሜን፣ አንቺ ምንም አልሆንሽም ነበር» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቶሎ አትመልሽም ብዬ በአንቺ አፈርኩብሽ፤ ለዚያ ነው ቤት ዋይ ያልኩሽ። ነገ ነይ። ሁልጊዜም ነይ፤ ማንም ቢመጣ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የልጅቷ ፈገግታ ጠፋ። እናቷን አየች፤ እናቷ ወደ ወንዙ ዞራለች። መምህሯን አየች፤ የመምህሯ ዓይን እንባ ሞልቷል። ቲቸርን እስከዚህ ያስለቀሰ ጥፋት ምን እንደሆነ ሜን አላወቀችም፤ የራሷ ጥፋት እንደሆነ ግን አልተጠራጠረችም። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እጆቿን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ጥፋተኛ ልጅ እንደሚያደርገው ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ ቲቸር» አለች። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»